ባሕር ያላየ ውሃ

ኬሳርባይ ከማዶ ቢጫ ሳሪ ነበር የምትፈልገው። ቃላቸው እንዲያ ነበር፤ እናት በደቡቡ ዳር ስታልፍ ልጅ በሰሜኑ ዳር ካለው የድንጋይ ደረጃ ወርዳ ትቆማለች፣ ከሩቅ እንድትለይ ቢጫዋን ትለብሳለች፣ ሁለቱም እጃቸውን ያወዛውዛሉ፣ ከዚያ እናት መንገዷን ትቀጥላለች። መነጋገር የለም፤ ወንዟ ናርማዳ እዚያ ጋ ሰፍታለች፣ ሰው ቢጮህ ድምፁ መሀል ውሃ ላይ ይቀራል። ቢሆንም ኬሳርባይ ይህችን እጅ ማወዛወዝ ስታስብ ከትናንት ጀምሮ የተሰነጠቀ ተረከዟን ረስታዋለች።

ደረጃው ላይ ቢጫ ነገር የለም። አንዲት ጀልባ ግን ከዳሩ ተነጥላ በቀጥታ ወደ እነሱ እየመጣች ነው፤ ፊተኛው ጫፏ ላይም አንድ ሰው ቆሟል። ደህና ነገር ይዞ የሚመጣ ሰው ጀልባ ላይ አይቆምም።

"አትዪው፤ እንሂድ" አለች ፑኒባይ፣ በትሯን መሬት ላይ እየመታች።

ፑኒባይ የኬሳርባይ የመንደር ጎረቤትና የመንገድ ጓደኛ ናት። ወንዙን ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ዞራ የጨረሰች ባልቴት ስለሆነች ሕጉን ከካህናቱ በላይ ታጠብቃለች። ሕጉ ደግሞ ቀላል ነው፤ ክፋቱም ቀላልነቱ ነው። ናርማዳን ሁልጊዜ በቀኝ እጅሽ አድርገሽ በእግርሽ ትሄጃለሽ። ባሕር እስክትገባ ትከተያታለሽ፣ እዚያ ባሕሩን በጀልባ ዞረሽ በሌላው ዳር ትመለሻለሽ። ወንዙን ራሱን ግን አትሻገሪም፤ በዋናም፣ በድልድይም፣ በጀልባም። የተሻገረች ሴት የሄደችውን ሁሉ ውሃ በላው፤ ስለቷም አብሮ ይፈርሳል።

የኬሳርባይ ስለት ልጇ አኖኪ ናት። አኖኪ ሁለት ጊዜ ወልዳ ሁለቱም ሕፃናት ስም ሳይወጣላቸው ሞተዋል። ሁለተኛውን ለወንዙ የሰጡ ዕለት ኬሳርባይ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ገብታ፣ "ሦስተኛውን ተዪላት! እኔ በእግሬ እዞርሻለሁ!" ብላ ጮኸች። ይህን የሰማ ሁሉ አለቀሰ፣ ፑኒባይ ብቻ አላለቀሰችም፤ መቼ ነው የምንነሳው ብላ ጠየቀቻት። አኖኪ አርግዛ ዝናቡ ሲያባራ ሁለቱ ሴቶች ነጭ ለብሰው ወጡ። ሒሳባቸው ለቀለም በዓሉ ለሆሊ ሰሜኑ ዳር መድረስ ነበር። አኖኪም ከሆሊ በኋላ ትወልዳለች።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ማንኛዋም ተሳላሚ የወንዙን ውሃ በጠርሙስ ትይዛለች፤ ባሕር ስትደርስ ግማሹን ታፈስና በባሕር ውሃ ትሞላዋለች። የኬሳርባይ ጠርሙስ አሮጌ የሳል መድኃኒት ብልቃጥ ነው፣ በክር አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል። ሲሰነባበቱ አኖኪ ያንን ብልቃጥ በጣቷ ነካ አድርጋ፣ "ስትመለሺ አንድ ጉንጭ ታጠጪኛለሽ፤ ጨው ጨው ካለኝ ስለቱ እንደደረሰ በዚያ አውቃለሁ። ያኔ ሳልፈራ እወልዳለሁ" ብላት ነበር።

ጀልባዋ አሸዋው ላይ ወጣች። የቆመው ሰው ጋጃናንድ ነበር፣ የአኖኪ ባል። ደንቡን እንኳ ረስቶ የአማቱን እግር ሳይነካ ፊቷ ቀጥ አለ።

"እማማ፣ ይግቡ።"

"ምን ሆነች?"

"ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት።"

"ገና ነውኮ! ሆሊ የት አለና!"

"ሕፃኑን ይሄን ማን ይንገረው?" አለ ጋጃናንድ፤ ሊስቅም ሊያለቅስም የፈለገ ይመስል ነበር። "ሆስፒታል የሚወስዳት ጂፕ መንገድ ላይ ነው ይላሉ። ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ላይ ነው። አዋላጇ ልጁ በሩ ላይ ደርሷል ትላለች። አኖኪ ግን አትገፋም። ጥርሷን ነክሳ ይዛዋለች። 'ከወጣ ይሞትብኛል፣ ውስጤ ይቆይ' ነው የምትለው። እማማ፣ ሁለቱም እየሞቱብኝ ነው።"

ኬሳርባይ አንድ ነገር መጠየቅ ነበረባት።

"ጥሯት ብላ ነው የመጣኸው?"

ጋጃናንድ ዐይኑን ሰበረ። መዋሸት ይችል ነበር፤ ያን ጊዜ ውሸት ቢናገር ማን ይፈርድበታል?

"አላለችም። 'እማዬ እንዳትሻገር፤ ከተሻገረች አለቀልን' ነው ያለችው። እኔ ነኝ በገዛ ራሴ የመጣሁት።"

"ሰማሽ?" አለች ፑኒባይ። "ካንቺ ይልቅ ለልጅቱ ገብቷታል። ሕፃኑን በሕይወት ያቆየው ምን ሆነና? ይሄ እግርሽ ነው! አሁን አንስተሽ ጀልባ ውስጥ ስታደርጊው፣ በገዛ እጅሽ ነው የምታንቂው።"

"ፑኒ፣ ልጄ ናትኮ።"

"እኔ አልወለድኩም? አራት ወልጃለሁ። ዛሬ አንዳቸውም በር አይከፍቱልኝም። ያቆመችኝ እሷ ናት" አለች፣ በትሯን ወደ ወንዙ ቀስራ። "ከእሷ ጋር አትቀልጂ።"

ጀልባ ቀዛፊው ማንሻራም እስካሁን ዝም ብሎ ትንባሆውን ያኝክ ነበር። አሁን ተፋና ጉሮሮውን ጠረገ። "እማማዎቼ፣ ክርክሩ ደስ ይላል፤ ግን የላይኛው ግድብ ውሃ ሊለቅ ነው ተብሏል። ያ ጡሩምባ አንዴ ከጮኸ እኔ አማልክት ራሳቸው ቢለምኑኝ አልቀዝፍም። ሚስት አለችኝ፣ ክፉ ብትሆንም።"

ማንም አልሳቀለትም።

ኬሳርባይ ወደ ወንዙ ዞረች። በእነዚህ ወራት ከናርማዳ ጋር ያላወራችው ነገር የለም። ጠዋት ስትነሳ፣ ደህና አደርሽ ትላታለች። እሾህ ሲወጋት ትቆጣታለች። የማታውቀው ሰው ትኩስ ዳቦና ምስር ሲሰጣት፣ አንቺ ነሽ የላክሽው ትላታለች። ሌሊት ቀኝ ጎኗን ወደ ውሃው አድርጋ ትተኛለች፤ ድምፁ ካልተሰማት እንቅልፍ አይወስዳትም። ስለዚህ አሁንም ጠየቀቻት። "ምን ላድርግ? አንድ ነገር በዪኝ" አለቻት፣ ድምፅ አውጥታ።

ወንዟ መለሰችላት ብል ደስ ባለኝ ነበር። አልመለሰችም። አንድ ጥቁር ወፍ ገብቶ ወጣ፣ ውሃው እንደ ሁልጊዜው ወደ ባሕሩ ወረደ፣ ያ ብቻ ነው።

ኬሳርባይ የሳሪዋን ጫፍ ሰብስባ ጀልባዋ ውስጥ ገባች።

"ብልቃጧን አፍስሺ!" ብላ ጮኸች ፑኒባይ። "ውሃውን መልሺላት! ከእንግዲህ ያንቺ አይደለም!"

ኬሳርባይ ከመንደር ከወጡ ጀምሮ ለፑኒባይ እምቢ ብላ አታውቅም ነበር። አሁን ግን ብልቃጧን ሳሪዋ ውስጥ ሸጉጣ በሁለት እጇ ያዘቻት፤ ለምን እንደያዘቻት ራሷም አታውቅም።

መሀል ወንዝ ሲደርሱ የሆነ ነገር ጎደለባት። ቀና ብላ ስታይ ገባት። ሁልጊዜ በቀኟ የነበረችው ወንዝ አሁን በቀኟም በግራዋም ናት። የት ማየት እንዳለባት ጠፋት፣ ወዴት ዞራ ይቅርታ እንደምትጠይቅም አላወቀችም። በሕይወቷ እንዲህ ብቻዋን ሆና አታውቅም። ያለ ድምፅ አለቀሰች፤ ጋጃናንድም ሁለተኛውን መቅዘፊያ ይዞ እየቀዘፈ ስለነበር ወይ አላየም፣ ወይ እንዳላየ ሆነ። የግድቡ ጡሩምባ የጮኸው ጀልባዋ ደረጃውን ስትነካ ነው።

ኬሳርባይ ሽቅብ ሮጠች።

አኖኪ ከተዳረች ጀምሮ እናቷ በዚያ ቤት ውሃ እንኳ ቀምሳ አታውቅም። በአገራቸው ልማድ የዳረችው ልጇ ቤት የምትበላ እናት የለችም፤ ኬሳርባይም ለጥየቃ ስትመጣ ጎረቤት ነበር የምትመገበው። አሁንም ከልማዷ የተነሳ ደጃፉ ላይ ቆመች፤ መቆሟ ነው ያተረፋት። ከውስጥ የአኖኪ ድምፅ ተሰማ፤ የደከመ፣ የተሰነጠቀ ድምፅ።

"እማዬ የት ደረሰች?"

"ማዶ ናት የኔ ልጅ፤ እየሄደች ነው" አለች አዋላጇ ቡሪባይ።

"አልተሻገረችም አይደል?"

"አልተሻገረችም። አሁን ግፊ!"

"አልገፋም። ባሕር ትድረስ። እሷ ባሕር እስክትደርስ እይዘዋለሁ።"

ኬሳርባይና ጋጃናንድ ተያዩ። የሰውዬው ፊት ዐመድ መሰለ፤ እናቷን ያመጣላት መስሎት ሞቷን ነው ያመጣላት። አኖኪ እናቷን በሩ ላይ ካየች፣ ስለቱ ፈረሰ ማለት ነው። ስለቱ ከፈረሰ ደግሞ ልጁ በእሷ ዘንድ አሁኑኑ ሞቷል። ኬሳርባይ ያን ሁሉ መንገድ ጥላ መጥታ መግባት አቃታት። ተመልሳ እንዳትሄድ ወንዙ ሞልቷል። ከውስጥ አዋላጇ፣ "ልቡ እየደከመ ነው፤ ኧረ የሰው ያለህ!" ስትል ተሰማ።

ያን ጊዜ እጇ ብልቃጧ ላይ እንደነበረ አስተዋለች።

ማድቤቱ በጓሮ በኩል ነው። ገባች። ጨለምለም ያለ ነበር፤ መደርደሪያው ላይ ሁለት የሸክላ ማሰሮዎች በዳበሳ አገኘች። በአንደኛው ጨው እንደ ጠጠር ተቆልሏል፤ ያ እስኪሟሟ ጊዜ የለም። በሌላኛው ደቆ የተቀመጠ ግራጫ ጨው አለ። ከዚያ በጣቷ ዘግና ብልቃጧ ውስጥ ጨመረችና ነቀነቀችው። በቃ ይሆን? ባሕር ምን ያህል ጨው እንደሚል አታውቅም፤ ባሕር አይታ አታውቅም። ትልቅ ነው ይባላል ብላ ሌላ ዘገነች። ልትቀምሰው ጣቷን ወደ ከንፈሯ አስጠጋችና መለሰችው፤ ስለቷን አፍርሳ፣ ልትዋሽ ተሰናድታ፣ የልጇን ቤት ጨው መቅመስ ግን ነውር ሆነባት። ሰው እንዲህ ነው።

"ይቅር በይኝ" አለቻት ብልቃጧን። "አንቺ እንደሆነ ባሕር መግባትሽ አይቀርም። እኔ ትንሽ አስቀደምኩሽ እንጂ።"

ከዚያ ገባች።

አኖኪ አየቻት፤ ዐይኗ ፈጠጠ፣ ከአፏም ድምፅ ሳይሆን ትንፋሽ ብቻ ወጣ። "ተሻገርሽ... እማዬ፣ ተሻገርሽ!"

"ማን ተሻገረ?" አለች ኬሳርባይ፣ በሕይወቷ ባልተናገረችበት ድምፅ። "ባሕሩን ዞሬ ነው የመጣሁት። በሰሜኑ ዳር፣ በእግሬ።"

"ውሸት ነው። ገና ነው። ሆሊ አልደረሰም።"

"ደርሷል። ታመሽ ተኝተሽ ቀኑ ጠፋሽ እንጂ።"

አኖኪ ወደ አዋላጇ ልትዞር ራሷን አነሳች። ቡሪባይ በዚያ መንደር የስንቱን ምጥ ያየች ሴት ናት፤ ዐይኗን ሳታሽ፣ ግድግዳው ላይ ካለችው የአምላክ ሥዕል ሥር ከተቀመጠው ቀይ ዱቄት ዘግና ልጅቱ ዞራ ሳታያት የገዛ ጉንጯን ለቀለቀች። "ይሄ ምንድነው ታዲያ? ያ የማይረባ የወንድሜ ልጅ ጠዋት ቀለም ቀብቶኝ እስካሁን አልታጠብኩም። በአንቺ ምክንያት በዓሌን እንኳ አልበላሁም!"

ኬሳርባይ ብልቃጧን ከፍታ፣ የልጇን ራስ በክንዷ ደግፋ፣ ከንፈሯ ላይ አስጠጋችላት። "ያልሽኝን አምጥቻለሁ። ቅመሺ።"

አኖኪ አንድ ጉንጭ ጠጣች። ፊቷ ተኮማተረ። አልዋጠችውም፤ አፏ ውስጥ ይዛ ቀና ብላ እናቷን አየቻት፣ ረጅም ጊዜ አየቻት። ኬሳርባይ ያን አስተያየት እስክትሞት አትረሳውም።

ከዚያ አኖኪ ዋጠችው። የእናቷን የእጅ አንጓ ጨመቀች።

"ያዢኝ" አለችና ገፋች።

የሚቀጥለውን ሁሉ ኬሳርባይ በደንብ አታስታውሰውም። አዋላጇ "በርቺ!" ትላለች፣ አኖኪ እንደ በሬ ታጓራለች፣ ውጪ ወንዙ እየሞላ ያስገመግማል። ከዚያ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ነገር በአዋላጇ እጅ ላይ ወጣች፤ ሴት ናት። አታለቅስም። ቡሪባይ አፏን በጣቷ ጠረገች፣ ጀርባዋን አሸች፣ ገለበጠቻት፣ እንደገና አሸች። ኬሳርባይ ዐይኗን ጨፍና፣ "እኔን ውሰጂ፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ እኔን" ትል ነበር።

ሕፃኗ አስነጠሰች፤ ቀጥላም ሰፈሩን የሚያውክ ለቅሶ ለቀቀች።

በዚያ አገር የነሐስ ሳህን የሚመታው ወንድ ሲወለድ ነው። ጋጃናንድ ሴት መሆኗን ሰምቶ ሳህኑንም ዘነዘናውንም ይዞ ወደ ወንዙ ደረጃ ወረደና እስኪጎደጉድ ደበደበው። ሰዎች አበደ አሉ። ማዶ ዛፍ ሥር፣ ማንሻራም በኋላ እንደነገራቸው፣ አንዲት ነጭ የለበሰች ባልቴት ከቀትር ጀምሮ ተቀምጣ ነበር። የሰው ድምፅ አይሻገርም፣ ነሐስ ግን ይሻገራል። ሳህኑ ሲጮህ ተነሳች፣ በትሯን ያዘች፣ ወደ ኋላ ሳታይ ወደ ባሕሩ መንገዷን ቀጠለች። ጂፑ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው።

የአራስነቱ ቀናት ለኬሳርባይ ደስታም ሲኦልም ነበሩ። ጎረቤት በልታ፣ በረንዳ ላይ ተኝታ፣ ጎህ ሲቀድ መጀመሪያ የምታደርገው የሕፃኗን ትንፋሽ ማዳመጥ ነው። ሕፃኗ ባስነጠሰች ቁጥር፣ መጣ፣ ይኸው የስለቱ ዕዳ መጣ ትላለች። ማንም አልወቀሳትም፤ ያ ይበልጥ አስፈራት። አኖኪ ስለ ሆሊ አንድም ቃል አልተናገረችም። የእውነተኛው ሆሊ ዋዜማ ልጆች እንጨት መሰብሰብ ሲጀምሩ እንኳ ዝም አለች። ኬሳርባይ መልሳ ከመጀመሪያው ልትነሳ ወሰነች፤ ከዚሁ ከሰሜኑ ዳር፣ ወንዙን በቀኝ አድርጋ ወደ ምንጩ ሽቅብ፣ ከዚያ ዞራ ወደ ባሕሩ። ለጋጃናንድ ብቻ ነገረችው።

ሕፃኗ ስም በወጣላት ማግስት፣ አራሷ ወንዙን ለማምለክ ወረደች። ቢጫ ሳሪዋን ለብሳ ነበር። ኬሳርባይን ታጥባ፣ ነጯን ለብሳ፣ በትሯን ይዛ ደረጃው ላይ ቆማ አገኘቻት። የሕፃኗን እግር ስማ ልትሰናበት ስትል አኖኪ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀቻት።

"እማዬ፣ ባሕር ውስጥ ከሙን አለ እንዴ?"

ኬሳርባይ ክው አለች።

"ያጠጣሽኝ አጓት ውስጥ የምጨምረውን ጨው ነው" አለች አኖኪ። "ከሙኑን ራሴ ቆልቼ፣ ራሴ የወቀጥኩት። ገና ምላሴን ሲነካኝ አወቅኩት።"

"እያወቅሽ... እያወቅሽ ነው የገፋሽው?"

"መጀመሪያ አለቀልን አልኩ። ከዚያ ፊትሽን አየሁት።" ልጅቷን ወደ ደረቷ አስጠጋች። "ያን ሁሉ መንገድ ለእኔ ብለሽ ውሃ አስበልተሽዋል። በእሷ ውሃ ዋሽተሻል። ልትረገሚ ቆርጠሽ ነው የገባሽው። እሷንም እናት ነው የምንላት አይደል? አንቺ ያልጨከንሽውን እሷ አትጨክንም ብዬ ገፋሁ።"

ኬሳርባይ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና እስኪወጣላት አለቀሰች፤ መሀል ወንዝ ላይ ካለቀሰችው የተለየ ለቅሶ ነበር።

አኖኪ ከጉያዋ አሮጌዋን የሳል መድኃኒት ብልቃጥ አወጣች። ተፈግፍጋ ታጥባለች፤ ክሯም አዲስ ነው። ጎንበስ ብላ ከወንዙ ሞላቻትና በእናቷ አንገት ላይ አጠለቀችላት።

"ይሄኛውን ግን ከባሕሩ ሙዪልኝ" አለች። "እቀምሰዋለሁ።"